የሚዋሽ መሣሪያ ዝም ከሚል መሣሪያ ይከፋል
ያረጀ ትራንስፖንደርን ስለ መመርመርና ስለ መለወጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አዳማ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አነስተኛ ሣጥን ነው። በአንድ ሞተር በሚበር ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ፣ በአብራሪው ፊት ካለው ሰሌዳ ላይ፣ ከሬዲዮው ሥር ተሰክቶ ይገኛል። ፊቱ ላይ አራት አኃዞች ይነበባሉ፤ በአጠገባቸውም አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ስሙ ትራንስፖንደር ይባላል። ከእናንተ መካከል የብዙዎቹ የዕለት ሥራ ከፋብሪካ ሞተር፣ ከስልክ መስመር ወይም ከሬዲዮ ማሰራጫ ጋር እንጂ ከአውሮፕላን ጋር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ብልሽትን ፈልጎ የማግኘት ጥበብ በየትም ቦታ አንድ ስለ ሆነ፣ የምናገረው ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ርእስ በአዳማ ማንሣቴም ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አሁን የተቀመጥንበት መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር፣ በአየር በረራ ሰዎች አነጋገር ከ5,300 እስከ 5,600 ጫማ ያህል ከፍታ አለው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚገኙት ባቱና ሐዋሳም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በሞጆ በኩል ወደ ላይ ስንወጣ ቢሾፍቱን ወደ 6,200 ጫማ ከፍታ ላይ እናገኛለን፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በመኪና መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ መሬቱ ራሱ ከ2,000 ጫማ በላይ ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህ የመሬት አቀማመጥ ከአንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ መበጠስ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ወደ ኋላ እናየዋለን።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልግለጽ። ተራው ራዳር ማዕበል ልኮ ከአውሮፕላኑ ገላ ተነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። አንድ ነገር በሰማይ ላይ እንዳለ ይነግረናል፤ ማን እንደ ሆነና በምን ከፍታ ላይ እንዳለ ግን አይነግረንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወዳጅን ከጠላት ለመለየት ሲባል በአውሮፕላኑ ውስጥ ሲጠየቅ የሚመልስ መሣሪያ ተቀመጠ፤ የዛሬው ትራንስፖንደር የዚያ ልጅ ነው። ጠያቂው በ1,030 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፤ ትራንስፖንደሩ በ1,090 ሜጋኸርዝ ይመልሳል። ጥያቄው ሁለት ዓይነት ነው። በሁለቱ የጥያቄ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 8 ማይክሮሰከንድ ከሆነ፣ «ማን ነህ?» ማለት ነው፤ መልሱም አብራሪው በፊቱ የሞላቸው አራት አኃዞች ናቸው። እያንዳንዱ አኃዝ ከ0 እስከ 7 ብቻ ስለ ሚሄድ በጠቅላላው 4,096 ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይቻላል። ጊዜው 21 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ግን ጥያቄው «በምን ከፍታ ላይ ነህ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሞድ ኤ፣ ሁለተኛው ሞድ ሲ ይባላል።

ከፍታውን የሚያውቀው ትራንስፖንደሩ ራሱ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ከፍታውን የሚለካው ኢንኮደር የተባለ ሌላ መሣሪያ ነው፤ የአየሩን ግፊት ለክቶ በየ100 ጫማው በሚለወጥ ምልክት አማካይነት ለትራንስፖንደሩ ይነግረዋል። በቀድሞው አሠራር ይህ መልእክት የሚተላለፈው በአንድ ገመድ ሳይሆን እያንዳንዳቸው «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚሉ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ትራንስፖንደሩ የተነገረውን ይደግማል እንጂ እውነት መሆኑን አይመረምርም።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ቢበላሽ ምን ይጎዳል? የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ትንሽ አውሮፕላን ከትራንስፖንደር በፊትም ይበር ነበርና። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ሁለት አደጋዎችን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1986 በካሊፎርንያ፣ ሴሪቶስ በምትባል ከተማ ላይ፣ አንድ አነስተኛ የፓይፐር አውሮፕላንና አንድ የኤሮሜክሲኮ ዲሲ 9 ተጋጭተው በሰማይም በምድርም 82 ሰዎች ሞቱ። የፓይፐሩ ትራንስፖንደር ከፍታ አይናገርም ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካ በትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሁሉ ከፍታ የሚናገር ትራንስፖንደር እንዲይዙ አስገደደች። ሁለተኛው አደጋ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2006 በብራዚል፣ በአማዞን ጫካ ላይ የደረሰው ነው። የአንዱ አውሮፕላን ትራንስፖንደር አብራሪዎቹ ሳያውቁ መልስ መስጠቱን አቋርጦ ነበር፤ ከፊት ለፊት የመጣው ቦይንግ 737 ተመታ፤ በውስጡ የነበሩት 154 ሰዎችም አለቁ።

ከእነዚህ አደጋዎች የምንማረው ትራንስፖንደር ለራስ ብቻ የሚያዝ መሣሪያ አለመሆኑን ነው። ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግጭትን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይይዛሉ፤ ይህም መሣሪያ በዙሪያው ያሉትን ትራንስፖንደሮች ራሱ ይጠይቃል፤ በምድር ላይ የሚጠይቅ ራዳር ይኑርም አይኑርም ሥራውን አያቋርጥም። እኛ በአዳማ ሰማይ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ስንበር፣ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አውሮፕላን እኛን የሚያየው በአብዛኛው በዚህ ሣጥን በኩል ነው። ዝም ካልነው አያየንም፤ ከዋሸነው ደግሞ በሌለንበት ቦታ ያየናል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። አብራሪው ከበረራ ተመልሶ የሚያቀርበው ቅሬታ በአብዛኛው ከሦስቱ በአንዱ ይጠቃለላል። አንደኛ፣ መሣሪያው ፈጽሞ አይመልስም። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ይመልሳል አንዳንዴ ይጠፋል፤ ወይም በቅርብ ይሰማል በሩቅ አይሰማም። ሦስተኛ፣ ይመልሳል፣ ነገር ግን የሚናገረው ከፍታ ትክክል አይደለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለ ሙያ የሚፈጽመው ስሕተት «ዕቃው አርጅቷል» ብሎ ወዲያው አዲስ ማዘዝ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ፈጽሞ የማይመልስ ከሆነ ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ሰርኪት ብሬከሩ ዘሎ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ መሣሪያው ላይ የሚደርሰው ቮልት ስንት እንደ ሆነ፣ የመሬት ግንኙነቱ ዝጎ እንደ ሆነ መለካት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ከማቀፊያው ውስጥ በሚገባ ገብቶ መቀመጡን እንመልከት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በዓለም ዙሪያ በብዛት የተሠራጨውን የኪንግ ኬቲ 76ኤን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ከኋላቸው ባሉ መገናኛዎች አማካይነት ከማቀፊያው ጋር ይያያዛሉ። ማጥበቂያው ብሎን ትንሽ ከላላና ሣጥኑ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ከወጣ፣ የአንቴናው መገናኛ ይለያያል፤ መብራቱ ሊበራ ይችላል፤ መልሱ ግን ከአውሮፕላኑ አይወጣም። አውጥቶ፣ መገናኛዎቹን አጽድቶ፣ መልሶ አጥብቆ ማስገባት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ምርመራ ነው።

ቀጥሎ አንቴናውን እንመርምር። የትራንስፖንደር አንቴና ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የሚንጠለጠል፣ ከሰባት ሴንቲ ሜትር ያነሰ አጭር ዘንግ ነው፤ ይህም ከሞገዱ ርዝመት ሩብ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ የተወሰነ ነው። በሆድ ሥር መሆኑ ከሞተሩ ለሚፈስ ዘይት፣ ለጭቃና ለአቧራ ያጋልጠዋል። በስምጥ ሸለቆው የበጋ አቧራ የሚያርፍና የሚነሣ አውሮፕላን፣ ወይም በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን፣ አንቴናውን በአንድ ወቅት ውስጥ በዘይትና በኬሚካል ሊሸፍነው ይችላል። በሚገባ ማጽዳት፣ ሥሩ ላይ ከአውሮፕላኑ ብረት ጋር ያለውን ግንኙነት መለካት፣ የተሰነጠቀውን መለወጥ የመጀመሪያ ግዴታችን ነው።

ከአንቴናው ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ኬብልም አለ። ዐርባ ዓመት በሙቀትና በንዝረት የኖረ ኬብል ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥበት ገብቶበት፣ መረቡ ዝጎ፣ ኃይሉን በመንገድ ላይ ሊያባክን ይችላል። ሦስት ዴሲቤል ኪሳራ ማለት የኃይሉ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። ኃይሉ ወደ ሩብ ሲወርድ መልሱ የሚሰማበት ርቀት በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ «በቅርብ ይሰማል፣ በሩቅ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የኬብል ቅሬታ ነው። አሮጌውን ኬብል በተሻለ ዓይነት መለወጥ አዲስ ሣጥን ከመግዛት እጅግ ይቀላል፤ አዲስ ሣጥን ቢገዛም እንኳ በአሮጌው ኬብል ላይ ከተሰካ ቅሬታው አብሮት ይኖራል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ብቻ ጣታችንን ወደ ሣጥኑ እንጠቁማለን። በቀድሞዎቹ ትራንስፖንደሮች ውስጥ መልሱን የሚያመነጨው ካቪቲ የሚባል የቫኪዩም ቱቦ ነው። ቱቦ እንደ ሻማ ነው፤ በሠራ ቁጥር ያልቃል። ሲያረጅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲውም ከ1,090 ሜጋኸርዝ ይሸሻል። የተፈቀደው ልዩነት ለእነዚህ መሣሪያዎች ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ሜጋኸርዝ ነው። የኃይሉም መጠን የታወቀ ወሰን አለው፤ ከ15,000 ጫማ በታች ለሚበር አውሮፕላን ቢያንስ 70 ዋት፣ ከዚያ በላይ ለሚበር 125 ዋት ያስፈልጋል። ይህን በዓይን ወይም በመብራቷ ብልጭታ መፍረድ አይቻልም፤ መብራቷ መሣሪያው እንደ መለሰ እንጂ መልሱ ንጹሕ መሆኑን አትናገርም። ሊፈርድ የሚችለው የተመሰከረለት የትራንስፖንደር መፈተሻ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቅሬታ፣ ማለትም ወደ ሐሰተኛው ከፍታ እንምጣ። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ከኢንኮደሩ የሚመጡት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው የሚሠሩበት የከፍታ ክልል አላቸው። ኤ4 የሚባለው ሽቦ ከ2,750 ጫማ ጀምሮ እስከ 10,750 ጫማ «አዎን» ይላል። ኤ2 የሚባለው ከ6,750 ጫማ ጀምሮ እስከ 22,750 ጫማ ይሠራል። ኤ1 ደግሞ ከ14,750 ጫማ በታች አይሠራም። አንድ ሽቦ ከተበጠሰ ስሕተቱ የሚታየው ያ ሽቦ በሚሠራበት ከፍታ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች መሣሪያው ፍጹም እውነተኛ ይመስላል።

እንግዲህ የኤ2 ሽቦ ተበጥሷል እንበል። አውሮፕላኑ በአዳማ አካባቢ፣ በ5,400 ጫማ ላይ ቆሟል። ባለ ሙያው መፈተሻውን አምጥቶ ይጠይቀዋል፤ መሣሪያው 5,400 ብሎ በትክክል ይመልሳል። ፈተናው አለፈ ተብሎ ይፈረማል። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይወጣል። 6,500 ሲደርስ 6,500 ይላል። ከ6,750 ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 7,000 ጫማ ላይ ሳለ 6,500 ይላል፤ 8,000 ላይ ሳለ 5,500 ይላል፤ 9,000 ላይ ሳለ 4,500 ይላል። አውሮፕላኑ በእውነት ይወጣል፤ በተቆጣጣሪው መስተዋት ላይ ግን ይወርዳል። 4,500 ጫማ ማለት ከአዳማ መሬት በታች ነው! ተቆጣጣሪው ይህን ካየ ቢያንስ ይጠራጠራል። 5,500 የሚለውን ቢያይ ግን የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም፤ ከፊት በ8,000 ጫማ የሚመጣው የመንገደኛ አውሮፕላን መሣሪያም ከበታቹ 2,500 ጫማ የራቀ ሌላ አውሮፕላን እንዳለ አስቦ ዝም ይላል።

የአገራችን የመሬት ከፍታ ከሽቦ ጋር ያለው ግንኙነት ይህ ነው። በባሕር ጠረፍ ባሉ አገሮች ለሥልጠና በ3,000 ጫማ የሚበር አውሮፕላን የኤ2 ሽቦው ቢበጠስ ዕድሜ ልኩን ላይታወቅበት ይችላል። በእኛ አገር ግን ይህ ወሰን በአዳማና በቦሌ መካከል ያልፋል። በቦሌ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ስሕተቱን ሳይነሣ ይናገራል፤ በአዳማ፣ በባቱ ወይም በቢሾፍቱ መሬት ላይ የቆመው ግን ይደብቀዋል። ስለሆነም በሸለቆው ውስጥ ሆኖ በቆመበት ከፍታ ብቻ የተፈተነ ትራንስፖንደር አልተፈተነም እላለሁ። ትክክለኛው ፈተና የፒቶና የስታቲክ መስመሮችን በአንድነት ከመፈተሻ ጋር አያይዞ፣ አውሮፕላኑ እስከሚበርበት ከፍተኛ ከፍታ ድረስ ግፊቱን ቀስ እያሉ መቀነስና ከፍታ መለኪያው የሚያነበውን ትራንስፖንደሩ ከሚናገረው ጋር ደረጃ በደረጃ ማነጻጸር ነው። የሚፈቀደው ልዩነት 125 ጫማ ነው። በዚህ ጊዜ ከፍታ መለኪያው 1,013 ሄክቶፓስካል ላይ መሞላት አለበት፤ ኢንኮደሩ ዘወትር የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነውና አብራሪው በከፍታ መለኪያው ላይ የሚያዞረው ቁልፍ መልሱን አይለውጠውም። መፈተሻ በሌለበት በአፍ ወይም በተራ መሳቢያ አየር ለመሳብ መሞከር ግን የፍጥነት መለኪያውን ይሰብራልና ፈጽሞ አይደረግ።

ስሕተቱ የታየው በአንድ የከፍታ ክልል ብቻ ከሆነ ሣጥኑን አትክሰሱት። ሁለቱን መገናኛዎች ነቅላችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመልቲሜትር ለኩ፤ እየለካችሁም ገመዱን አነቃንቁ። የብየዳው ቦታ ወይም የመገናኛው እግር ላይ ተበጥሶ ታገኙታላችሁ። በሌላ በኩል ጠዋት ሲነሣ ብቻ ከፍታ የማይናገር መሣሪያ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ ኢንኮደሩ ውስጡን እስኪያሞቅ ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጉታልና ነው።

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ቱቦው ማለቁ ከተረጋገጠ፣ መጠገን ይሻላል ወይስ መለወጥ? የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የእኔ አስተያየት በዚህ ጊዜ መለወጥ ይሻላል የሚል ነው። ቱቦው ውድና በቀላሉ የማይገኝ ሆኗል፤ ተገኝቶ ቢተካም ዙሪያው ያሉት ክፍሎች ያው አሮጌ ናቸው። አዲሶቹ መሣሪያዎች ቱቦ የላቸውም፤ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ሞድ ኤስ በሚባለው አሠራርም ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የተለየ መጠሪያ ይሰጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የትሪግ ቲቲ31፣ የኬቲ 76ኤ ማቀፊያ ውስጥ እንዲገቡ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ አሮጌውን ስቦ አዲሱን መክተት ብቻ ሥራውን አይጨርሰውም። አምስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ አዲሱ ሣጥን ከአውሮፕላኑ ቮልት፣ 14 ይሁን 28፣ ጋር መስማማቱ። ሁለተኛ፣ ቀደም ብለን ያየናቸው ኬብልና አንቴና አብረው መመርመራቸው። ሦስተኛ፣ ከአሮጌው ኢንኮደር ጋር የሚሠራ ከሆነ አሮጌዎቹ ሽቦዎች አንድ በአንድ መለካታቸው፤ አዲስ ኢንኮደር ከተገጠመ ግን መልእክቱን በአንድ መስመር በተከታታይ የሚያስተላልፈውን መምረጥ ይሻላል፤ የኤ2 ሽቦ ታሪክም በዚያው ያከትማል። አራተኛ፣ የሞድ ኤስ መጠሪያው። ይህ 24 ቢት ያለው ቁጥር ከመዝጋቢው መንግሥት የሚሰጥ ነው፤ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ቁጥር በ040 ይጀምራል። ከውጭ የተገዛ ያገለገለ ትራንስፖንደር የቀድሞ ባለቤቱን ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሳይለወጥ ከተገጠመ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሰማዩም አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። አምስተኛ፣ ለውጡ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደንብና በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተፈቅዶ፣ ተፈትኖ፣ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ተጽፎ መፈረሙ። በአሜሪካ ደንብ ትራንስፖንደር በየ24 ወሩ ይፈተናል፤ ከዚህ የላላ ልማድ ለማንም አይበጅም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው ሀብታም ነው ብሎ ሕዝብ ያስባል። ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ የሥልጠና ቤት ወይም የእርሻ ድርጅት ነው፤ ለውጭ ምንዛሪ ተራ ይጠብቃል፤ ዕቃው እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መካከል «መብራቱ ይበራል፤ እስከዚያው ይብረር» የሚለው ቃል ከአለቃም ከአብራሪም ይሰማል። ለዚህ መልሳችን ግልጽ መሆን አለበት። ከፍታ የማይናገር መሣሪያ ያለው አውሮፕላን ችግሩን አሳውቆ፣ ተቆጣጣሪው ሲፈቅድለት፣ በተወሰነለት ቦታ ሊበር ይችል ይሆናል፤ ሌሎች እንደማያዩት ያውቃሉና ይርቁታል። ሐሰተኛ ከፍታ የሚናገረው ግን ማንም እንዳይርቀው ያደርጋል። የሚዋሽ መሣሪያ ዝም ከሚል መሣሪያ ይከፋል ያልሁት ስለዚህ ነው። ከፍታው አጠራጣሪ ከሆነ የከፍታውን መልስ ማጥፋት፣ ማሳወቅ፣ ከዚያም መጠገን ነው።

ይህ ጉዳይ ከዛሬ ይልቅ ነገ ይብሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አካባቢ ለሚሠራው ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ የንድፍ ሥራ ውል በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ተፈራርሟል። ያ ሥራ ሲጠናቀቅ አሁን ከቦሌ የሚነሡት ትላልቅ አውሮፕላኖች ወደ እኛ ወደ ሸለቆው አፋፍ ይቀርባሉ፤ ከ6,750 ጫማ ወሰን ላይ ሆነው ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። በዚያ ሰማይ ላይ ለትንሹ አውሮፕላን የሚቀረው መከታ ማንነቱንና ከፍታውን በእውነት መናገሩ ብቻ ነው።

የዚያ እውነት ጠባቂዎች ደግሞ አብራሪዎች ብቻ አይደሉም፤ በሆድ ሥር ተንበርክኮ አንቴና የሚያጸዳው፣ ሽቦ በሽቦ የሚለካው፣ ሳያረጋግጥ አልፈርምም የሚለው ባለ ሙያም ነው። ፊርማችን ከምንፈርምበት ወረቀት በላይ ይበርራልና በእውነት ላይ እንዲያርፍ እናድርግ።